ባለ በሩ መምህር

ባሌ ዝም ማለት አይሆንለትም። ይህን የምለው ልማው ብዬ አይደለም፤ የሚያውቀው ሰው ሁሉ የሚናገረው ነው። ጉንፋን ይዞት ሲተኛ እንኳ ስለ ጉንፋኑ ያስረዳል። ትኩሳት ለምን ሲመሽ እንደሚጨምር፣ ክኒኑ ሆድ ከገባ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ፣ ሐኪሙም እኔም ያልጠየቅነውን ሁሉ በሥርዓቱ ከፋፍሎ ይነግረኛል። ድምፁ ሲዘጋ በእጁ ያስረዳል።

እኔ ደግሞ የጥርስ ሐኪም ረዳት ነኝ። ቀኑን ሙሉ አፋቸውን ከፍተው መናገር ከማይችሉ ሰዎች ጋር እውላለሁ፤ ማታ አፉን መዝጋት ከማይችል ሰው ጋር አመሻለሁ። እግዜር ሲያካክስ እንዲህ ነው መሰለኝ። ደግነቱ ሲያወራ ደስ ይላል። ያገባሁትም በወሬው ነው፤ መልኩማ ያው የምታዩት ነው።

ሥራው ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ማስተማር ነው፤ ያውም አንደኛ ዓመትን። ሌሎች መምህራን አንደኛ ዓመት ሲደርሳቸው ፊታቸው ይጠቁራል፤ አዳራሹ ሰፊ፣ ተማሪው ብዙ፣ እርማቱ ተራራ ነው። እሱ ግን ለምኖ ይወስዳል። «ትልልቆቹን ማንም ያስተምራቸዋል፤ ሰው የሚያስፈልጋቸው እነዚህ ናቸው» ይላል። ተማሪዎቹም ይወዱታል፤ እንዴት እንደሚወዱት አንዳንዴ ያስቀናኛል። ገበያ አብረን ስንወጣ አንዱ ከማዶ «መምህር!» ብሎ ይጣራል፤ የኔው ጉድ ፌስታሉን በሙሉ እኔ ላይ ጭኖ ይሻገርና መንገድ ዳር ቆሞ ማስረዳት ይጀምራል። ቲማቲሙ እጄ ላይ ይበስላል።

ተማሪዎቹ ያወጡለት ስም «ባለ በሩ» ነው። ስሙን ያገኘው ሊሚት የሚባለውን ነገር በሚያስተምርበት ቀን ከሚያሳየው ትርዒት ነው። ሊሚት ማለት፣ ስንት ዓመት ሙሉ ሰምቼ እንደገባኝ፣ አንድ ነገር እየተጠጋ እየተጠጋ ሲሄድ ወዴት እንደሚሄድ በእርግጠኝነት መናገር ነው። ካልኩለስ የሚሉት ሒሳብ በሙሉ የቆመው እዚህ ላይ ነው አሉ፤ ይህን የሳተ ተማሪ ቀጥሎ የሚማረው ሁሉ ይናድበታል። ታዲያ ያን ቀን ባሌ ሰሌዳውን ትቶ መስኮቱ ጋ ይሄድና ጀርባውን ለግድግዳው ይሰጣል። «እኔ ቁጥር ነኝ» ይላል። «በሩ ደግሞ መድረሻዬ ነው።» ከዚያ የመንገዱን ግማሽ ሄዶ ይቆማል። የቀረውን ግማሽ ሄዶ ይቆማል። ከቀረው ደግሞ ግማሹን። እርምጃው እያጠረ፣ እያጠረ ይሄድና አፍንጫው በሩን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው በእግሩ ጣቶች ቆሞ ዞር ይላል።

«ደረስኩ?»

«አልደረሱም!» ይላል አዳራሹ ባንድ ድምፅ።

«እደርሳለሁ?»

«አይደርሱም!»

«ወዴት እንደምሄድ ግን ታውቃላችሁ?»

«ወደ በሩ!»

«በቃ! ሊሚት ማለት ይኸው ነው!»

ጭብጨባው ኮሪደሩ ድረስ ይሰማል። የሌላ ክፍል ተማሪዎች ቀኑን ጠይቀው እየመጡ ደረጃው ላይ ይቀመጣሉ። አንድ ጊዜ ያረፈደ ተማሪ በሩን ከውጭ በርግዶ አፍንጫውን መታው፤ ደሙን በመሐረብ ይዞ «አያችሁ፣ አንዳንዴ መድረሻው ራሱ ይመጣል» ብሎ ቀጠለ። ቤት ሲመጣ አፍንጫው ድንች አክሎ ነበር፤ ደስታው ግን አይነገርም።

ይህ ሰው አንድ የሚቆጨው ነገር ነበረው። የኔ ነው የሚለው ጥናት አልነበረውም። ባልደረቦቹ በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች የሚያነቡትን ረቂቅ ሒሳብ ይጽፋሉ፤ እሱ ዕድሜውን በማስረዳት ጨረሰው። ፀጉሩ መሸበት ሲጀምር ግን ተማሪ ሒሳብ ሲማር ጭንቅላቱ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ አጠናለሁ ብሎ ተነሣ። ባልደረቦቹ ቀለዱበት። «ይኼ ሒሳብ ነው ወይስ የምክር አገልግሎት?» አሉት። አብሯቸው ሳቀና ድምፅ መቅጃ ገዝቶ መጣ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተማሪዎቹን አንድ ባንድ ቢሮው ይጠራል፤ ጥያቄ ይሰጣቸዋል፤ «ስትሠሩ የምታስቡትን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ» ይላቸዋል። ሐሳቡ ተማሪው የት ላይ እንደሚሰናከል ከራሱ አንደበት መስማት ነው። ማታ ቅጂውን ወጥ ቤት ያመጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ያዳምጣል፤ እኔም ሽንኩርት እየከተፍኩ አብሬ እሰማለሁ። እንዲህ እያልን ልጆቹን ሳላያቸው በድምፅ ለየኋቸው። አንዱ ሳይገባው የሚስቅ ነበር፤ «ሳቂታው» አልኩት። አንዷ ድምፅዋ እንደ ክር የሳሳ ነበር፤ «ቀጭኗ» አልኳት። ቀጭኗን እወዳት ነበር። ቁጥር እንኳ ስትናገር ይቅርታ እየጠየቀች ነው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ። ቀጭኗ «እሺ፣ መጀመሪያ ሁለትን ሳስገባ…» ብላ ትጀምርና ትንሽ ዝም ትላለች። ወዲያው የባሌ ድምፅ ይገባል። «ጎበዝ! ግን በሩን አስታውሺ!» ይልና ይቀጥላል። ይቀጥላል። ሽንኩርቱ ተከትፎ፣ ተቁላልቶ፣ ድስቱን ከድኜ ስቀመጥ እሱ ገና እያስረዳ ነው። መጨረሻ ላይ ቀጭኗ «አሃ! ገባኝ መምህር፣ ገባኝ!» ትላለች። እሱም መቅጃውን ያቆምና ዓይኑ እያበራ ያየኛል።

«ሰማሽ? ሰማሽ አይደል?»

«አንተን ሰማሁህ» እለዋለሁ።

ሙገሳ መስሎት ያመሰግነኛል።

ወራት ደክሞ ጥናቱን ጻፈ። ውጤቱ ፀሐይ የሞቀው ነበር፤ በሩን ያዩት ተማሪዎች በሙሉ ማለት ይቻላል ሊሚት ገብቷቸዋል፤ ይኸው በገዛ ድምፃቸው ተናግረዋል። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አነበበና ደስ አለው። «ይህ ላንተ ክፍል ብቻ መቅረት የለበትም፤ በሩ በፊልም ይቀረጽና ከእንግዲህ ለሚመጣ አንደኛ ዓመት ሁሉ ይታይ» አለ። ካሜራ ባለሙያ ተጠራ፤ ቀን ተቆረጠ፤ ተማሪዎቹም ያዩትን ትርዒት እንደገና ለካሜራ እንዲያዩ ተነገራቸው። ባሌ ሙሽራ ሆነ። አንድ ምሽት መኝታ ቤት ስገባ ወደ ቁም ሣጥኑ በግማሽ በግማሽ ሲራመድ አገኘሁት፤ ልቡ ሌላ ቦታ ስለሆነ መግባቴንም አላወቀም። በሩ ላይ ቆሜ ሳቄን ይዤ አየሁት። ልጅ ቢኖረን ኖሮ እንዲህ ይሆን ነበር ብዬ አሰብኩ፤ ቀጥሎ ግን አለን እኮ አልኩ፣ በየዓመቱ አዳራሽ ሙሉ።

ነገሩን ያመጣው እንጨቱ ነው። እንጨቱ ሌላውን ክፍል የሚያስተምር ባልደረባው ነው። እንዲህ የሚሉት ተማሪዎቹ ናቸው፤ ሲያስተምር ፊቱም ድምፁም ንቅንቅ ስለማይል። ሰሌዳ ላይ ጥያቄ ይጽፋል፤ «ሥሩ» ይላል፤ ከዚያ በየወንበሩ መሐል እየዞረ ወረቀታቸውን እያየ «ለምን?» ይላቸዋል። ሌላ ቃል ሲወጣው የሰማ የለም። ተማሪዎቹ ከሱ ክፍል ወጥተው የባሌን ትርዒት ለማየት ይሻማሉ። የዚያን ጊዜ የሁለቱን ክፍል የጋራ ፈተና ያወጣው እሱ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የታረመ ወረቀት ታቅፎ ቤታችን መጣ። ተቀመጥ ብዬው የሶፋው ጫፍ ላይ ብቻ ተቀመጠ።

«ልጆችህ አምስቷን ስተዋል» አለ።

«የትኛዋን አምስት?»

ጥያቄዋ እኔ እንኳ የምመልሳት ናት። ሁልጊዜ አምስት የሚሆን ነገር አለ። ሁለት ስጡት፣ አምስት ይላል፤ መቶ ስጡት፣ አምስት ይላል። እንግዲህ የምንሰጠው ቁጥር ወደ ሁለት ሲጠጋ፣ ይህ ነገር ወዴት ይጠጋል? ሊሚቱ ስንት ነው? አምስት ነዋ! ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

«ምን አሉ ታዲያ?» አለ ባሌ።

«ሊሚት የለውም።»

«ሁሉም?»

«አብዛኞቹ።»

«ያንተዎቹስ?»

እንጨቱ ጫማውን አየ። «የኔዎቹ አምስት ብለዋል» አለ። ከዚያ ደግሞ ሰውየው ክፉ አይደለምና «የኔዎቹ ሌላ ሌላውን ስተዋል» ብሎ ጨመረ። ሻዩን ሳይጠጣ ሄደ።

ባሌ ያን ቀን የደረደረው ምክንያት ለአንድ ፍርድ ቤት ይበቃል። ጥያቄው ግልጽ አይደለም፤ አዳራሹ ሙቀት ነበረው፤ ተማሪ ቀላል ነገር ሲያይ ወጥመድ ይመስለዋል። ይህን ሁሉ ተናግሮ ሲያበቃ ግን የቀጭኗን ወረቀት ከመሐል አወጣ። እሷም «የለውም» ብላለች። አሳምራ ጽፋ ከሥሩ አስምራበታለች።

«ገባኝ ብላኝ ነበር እኮ» አለ። ፊቱን ሳይ አንጀቴን በላው።

«ጠርተህ ጠይቃት።»

«ጠይቄያት ነበር!»

«አልጠየቅሃትም፤ ነገርካት። አሁን ጠይቃትና ዝም በል።»

«ዝም የሚባለው ግን እንዴት ነው?» አለኝ። የምሩን ነው፤ እየቀለደ አልነበረም። አንድ ሰው ዋና እንዴት እንደሚዋኝ እንደሚጠይቀው አድርጎ ነው የጠየቀኝ።

እኔም አለቃዬ ቢሰማ ከሥራ የሚያባርረኝን ነገር አደረግሁ። ክሊኒካችን ግድግዳ ላይ ትልቅ ከረሜላ ተሥሎ በቀይ ተሰርዟል፤ በሽተኛን ሁሉ ከረሜላ አትብላ እያልን ነው የምንሸኘው። ሄጄ ከረሜላ ገዛሁለት። «ልጅቷ ስትገባ አንዱን ጉረስ። ሟሙቶ እስኪያልቅ አፍህን እንዳትከፍት» አልኩት።

ሰኞ ማታ ቅጂውን ይዞ መጣና ሳያወራ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ሽንኩርቱን ትቼ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ የሚሰማው ከረሜላው ጥርሱ ላይ ሲንኳኳ ነው። ቀጥሎ ምንም። ቀጭኗ «እ…» ትላለች፤ ትጠብቃለች፤ መምህሩ እንዲገባላት ነው የምትጠብቀው። አይገባም። ከረሜላው ይንኳኳል። ወንበር ይንቀጫቀጫል። እኔ ራሴ ጭንቅ ብሎኝ ለመናገር አፌን ከፍቼ ነበር። በመጨረሻ ልጅቷ ተስፋ ስትቆርጥ ጊዜ ማሰብ ጀመረች።

«መምህር፣ ሊሚት ማለት የሚጠጉት እንጂ የማይደርሱበት ነገር ነው» አለች። «ይኼ አምስት ግን ደርሷል። መጀመሪያውኑ እዚያው ነው። በሩ ላይ የቆመ ሰው እንዴት አድርጎ ወደ በሩ ይጠጋል? ስለዚህ ሊሚት የለውም።»

ቀርጨም የሚል ድምፅ ተሰማ። ባሌ ከረሜላውን ሰብሮታል።

«ያን ጊዜ… ገባኝ ብለሽኝ ነበር» ይላል ድምፁ፤ እንዲህ አንሶ ሰምቼው አላውቅም።

«ገብቶኝ ነበር እኮ፣ መምህር። እርስዎ ሲያስረዱ ሁሌም ይገባኛል። ለብቻዬ ስሆን ነው የሚጠፋኝ። ደግሞ…» ቀጭኗ ሳቀች። «ይቅርታ፣ ገባኝ ስልዎት በጣም ነው ደስ የሚልዎት።»

መቅጃውን አጠፋው። ወደ እኔ አላየም። ለካ ልጅቷ ያንን ሁሉ ጊዜ ገባኝ ስትል የነበረው እሱን ለማስደሰት ኖሯል። ለካ ደግሞ ያ የምንኮራበት በር፣ ያ ጭብጨባ፣ ያ «አይደርሱም!» እያሉ መጮህ፣ ልጆቹ ጭንቅላት ውስጥ ስህተት ሲተክል ነው የኖረው። ሊሚት ሊደረስበትም ላይደረስበትም ይችላል፤ መድረስ አለመድረሱ ጉዳዩ አይደለም። እሱ ግን በየዓመቱ በሩ ጋ ቆሞ የማይደረስበት ነው ብለው ሲጮኹ ጎሽ ሲላቸው ነበር።

እኔ ንድድ አለኝ። በማን እንደሆነ አላውቅም፤ በእንጨቱም፣ በጥያቄውም፣ በልጅቷ ደግነትም። «አንድ ጥያቄ ነው!» አልኩት። «ስለ አንዲት አምስት ብለህ ስምህን ልታጠፋ ነው? ፊልምህን ተቀረጽ፤ ከዚያ በኋላ ታስተካክለዋለህ።» አሁንም ያ ምሽት ቢመለስ ይህንኑ እለዋለሁ፤ ባሌ ነው።

«ፊልም ታርሞ አያውቅም» አለ። «እኔ ጡረታ እወጣለሁ። እሱ እዚያ ቁጭ ብሎ በየዓመቱ ሲያሳስታቸው ይኖራል። በኔ ፊት፣ በኔ ድምፅ።» ቀጥሎም «ግን እኔ ከበሩ ሌላ ምን አለኝ?» አለ። እጁን ያዝኩት።

የፊልሙ ቀን እስኪደርስ ድረስ ተማሪዎቹን በሙሉ እንደገና ጠራቸው። አሮጌዎቹን ቅጂዎችም ከመጀመሪያው አንሥቶ ሰማቸው። «ይህ ሁሉ እኔ ነኝ?» አለኝ አንድ ቀን ጆሮውን ይዞ። «ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ነግሬህ ነበር። እያወራህ ስለነበር አልሰማኸኝም።»

አዲሶቹ ቅጂዎች ግን ሌላ ነበሩ። ሳቂታው እንኳ መሳቁን ትቶ ማሰብ ጀመረ። በሩም በየልጁ ውስጥ ቁጭ ብሎ ተገኘ፤ አንዱ «ሊሚት ግድግዳ ነው» ይላል፣ ሌላው «ከነካነው ይበላሻል» ይላል። ባሌ ከረሜላውን እየመጠጠ ዝም ብሎ ይሰማቸዋል። ከዚህ ሁሉ ከረሜላ የተነሣ መንጋጋው አመመውና ክሊኒክ ይዤው ሄድኩ። አለቃዬ አፉን ከፍቶ መሣሪያውን ሲያስገባ ባሌ ስለ ጥርስ አፈጣጠር ሊያስረዳ ሞክሮ ሲያቅተው፣ ዕድሜ ለዚያ ወንበር አልኩ።

የጻፈውን ጥናት ቀድዶ አዲስ ጀመረ። ኃላፊው ዘንድም ሄዶ ፊልሙ ይቅር አለ። ኃላፊው አልሰማውም፤ ካሜራው ተይዟል፤ ተማሪው ተነግሮታል። «አንተ በሩን ብቻ ሥራልን፤ ሌላውን በጽሑፍ ታብራራለህ» አለው። ማታ ይህንን ነግሮኝ ሲያበቃ ምን ልታደርግ ነው ብዬ ጠየቅሁት። አልነገረኝም። ማስረዳት የተወ ባል እንዴት እንደሚያስፈራ ያላየ አያውቀውም። ሌሊቱን በሙሉ ገልበጥ ገልበጥ ስል አደርኩ።

በፊልሙ ቀን ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ሄድኩና ከኋላ ተቀመጥኩ። አዳራሹ ጢም ብሏል። ደረጃው ላይ፣ መስኮቱ ሥር፣ ሁሉም ቦታ ተማሪ ነው። ኃላፊው የፊት ወንበር ላይ ከረባቱን አስሮ ተቀምጧል፤ እንጨቱ ከጎኑ ነው። ካሜራ የያዘው ሰው ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ አምፖሎቹን ያስተካክላል። ባሌ ገባ። እኔ የተኮስኩትን ሸሚዝ ለብሷል። ቀጥ ብሎ መስኮቱ ጋ ሄደና ጀርባውን ለግድግዳው ሰጠ።

አዳራሹ በደስታ ተንጫጫ። ኃላፊው የካሜራውን ሰው ጠቀሰው። ባሌ በሩን አየው፤ ረጅም ጊዜ አየው። ሊሄድ ነው አልኩ። ደስ አለኝ፤ እውነቱን ልናገር፣ ሂድልኝ ብዬ ለመንኩት።

ከግድግዳው ተነሥቶ ወደ ሰሌዳው ሄደ። ያችን ሁልጊዜ አምስት የሆነች ነገር ጻፈ።

«ወደ ሁለት ስንጠጋ ይህ ሊሚት አለው የምትሉ?» አለ። አንዳንድ እጅ ወጣ። «የለውም የምትሉስ?» አዳራሹ በእጅ ተሞላ።

«አመሰግናለሁ። ተሳስታችኋል። ያሳሳትኳችሁ ደግሞ እኔ ነኝ።»

ሳቁ። የትርዒቱ መጀመሪያ መስሏቸዋል።

«ወደዚያ በር በየዓመቱ ስሄድ፣ አይደርሱም ብላችሁ ስትጮኹልኝ፣ ያስተማርኳችሁ ይህንን ነው» አለ። «ስትጮኹልኝ ደስ ስለሚለኝ፣ ምን እንደገባችሁ ጠይቄያችሁ አላውቅም ነበር። አሁን ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ እናንተ ፈልጉት። እኔ ዝም እላለሁ።»

ዝምም አለ። መጀመሪያ ቀልድ ነው ብለው ጠበቁ። ቀጥሎ እርስ በርስ ተያዩ። ኃላፊው በእጁ «ቀጥል፣ ቀጥል» ይለዋል። የካሜራው ሰው ማዳመጫውን በጣቱ መታ መታ አደረገ፤ ዕቃው የተበላሸ መስሎታል። እኔ ግን የባሌን አንገት ነው የማየው። ሥሩ ተገትሯል። መልሱ ጉሮሮው ላይ ደርሶ እንደሚገፋው አውቃለሁ፤ አብሬው ኖሬያለሁና። ንገራቸውና እንገላገል ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

«መምህር… በሩ ላይ የቆመ ሰው…» አለ አንድ ድምፅ ከመሐል።

ብድግ ብዬ አየሁ። ቀጭኗ ናት። ቀጭን አይደለችም፤ ትከሻዋ ሰፊ፣ ቁመቷ ከሁሉ በላይ የሆነ ልጅ ናት። ጀምራ አቆመችና እንደ ልማዷ የመምህሩን ፊት አየች። ባሌ ወለሉን አቀርቅሮ አየ። ፊቱ ላይ መልሱን እንዳታነብ ብሎ ነው።

«የቆመማ አይጠጋም» አለ ከኋላዋ ያለ ልጅ። «ስለዚህ የለም።»

«ማን ሂድ አለው?» አለ ሌላው። «ምን ያህል ቅርብ ነው ነው እንጂ የተባለው!»

«ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ!» አለች ቀጭኗ። ወደ ልጁ ዞረች። «አምስት ከአምስት ምን ያህል ይርቃል?»

«ዜሮ።»

«ታዲያ ከዚህ የበለጠ መቅረብ ከየት ይመጣል?»

«ካልሄደስ?»

«መሄዱን ማን ጠየቀህ! መንገዱ አይደለም፣ ቅርበቱ ነው!»

«መምህር አይደረስም ብለው የለ እንዴ?»

«እሳቸው ተሳስተዋል፤ አልሰማህም?» ጮኸችበት። ይቅርታም አልጠየቀች።

ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም የሚሰማ አልነበረም። የፊቶቹ ወደ ኋላ ዞሩ፣ የኋላዎቹ ወንበር ላይ ቆሙ፤ ሳቂታው እየሳቀ በአየር ላይ መስመር ይሥላል። እንጨቱ ተነሥቶ በወንበሮቹ መሐል ገባና «ለምን?» እያለ መዞር ጀመረ። የካሜራው ሰው ግራ ተጋብቶ ቆየና ካሜራውን ከባሌ ላይ አንሥቶ ወደ ተማሪዎቹ አዞረው።

ባሌ በገባበት ሁሉ ሲታይ የኖረ ሰው ነው። አሁን አዳራሽ ሙሉ ሰው ጀርባውን ሰጥቶታል፤ አንድ ዓይን እንኳ ወደ እሱ የለም። ሰሌዳው ሥር እጁን ኪሱ ከቶ ቆሟል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ቀጭኗ የምትለውን እያንዳንዱን ቃል ከእሷ እኩል ያለ ድምፅ ይለዋል፤ ስትሳሳት ያቆማል፣ ስታገኘው ደግሞ ይቀጥላል። የማየው እኔ ብቻ ነበርኩ። እንደዚያን ቀን ወድጄው አላውቅም።